ከኦፕራሲዮን በኋላ በምጥ ለመውለድ፦ አብሮ የሚቆም ሐኪም ፍለጋ

ወደዚህ ወደ ስልቨር ስፕሪንግ ዝግጅት ልትጋብዘኝ የደወለችልኝ እህት «ስለ ወሊድ የፈለግሽውን ንገሪን» ነበር ያለችኝ። ወሊድ ሰፊ ነገር ስለሆነ አንዷን ጥግ ብቻ ይዤ መጥቻለሁ። የመጀመሪያ ልጇን በኦፕራሲዮን የወለደች ሴት የሚቀጥለውን በምጥ ልውለድ ብትል፣ በዚህ በዋሽንግተን አካባቢ አብሯት የሚቆም ሐኪም ወይም አዋላጅ እንዴት ታገኛለች?

ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር ላስታውቅ። አዋላጅ ነርስ ነኝ፤ የምሠራው ሆስፒታል ውስጥ ነው፤ ከኦፕራሲዮን ጋር ጠብ የለኝም። ኦፕራሲዮን ባይኖር ኖሮ ከኋላ ከሚሯሯጡት ከነዚህ ልጆች አንዳንዶቹ፣ እናቶቻቸውም ጭምር፣ ዛሬ አብረውን ባልነበሩ። ሁሉን አመዛዝና «ሁለተኛውም በኦፕራሲዮን ይሁንልኝ» የምትል ሴት መብቷ ነው፤ ማንም ሊወቅሳት አይገባም። እኔ የምናገረው ስለ ሌላዋ ነው፤ ምን ትፈልጊያለሽ ሳትባል የኦፕራሲዮን ቀን ስለተቆረጠላት።

የመጀመሪያው ነጥቤ ይህ ነው፤ «አንዴ በኦፕራሲዮን ከወለድሽ ሁልጊዜም በኦፕራሲዮን ነው» የሚለው አባባል ከየት መጣ? የተናገረው ኤድዊን ክራጊን የሚባል የኒው ዮርክ ሐኪም ነው፤ ዘመኑም 1916 እ.ኤ.አ.። ያን ጊዜ ማህፀን የሚቀደደው ከላይ ወደ ታች፣ በላይኛው ክፍሉ ላይ ነበር። በምጥ ጊዜ ደግሞ አጥብቆ የሚኮማተረውና የሚገፋው ያው የላይኛው ክፍል ነው፤ ጠባሳው እዚያ ካለ የመተርተር አደጋው ከፍ ይላል፤ ከ100 ሴቶች ከ4 እስከ 9 ይደርሳል። ክራጊን ይህን ያለው የሙያ ባልደረቦቹ ወደ መጀመሪያው ኦፕራሲዮን እንዳይቸኩሉ ሊያስጠነቅቅ ነበር። ማስጠንቀቂያው ተረስቶ ሐረጉ ብቻ ቀረ።

ከ1920ዎቹ ወዲህ የግላስጎው ሐኪሙ መንሮ ከር በማህፀን የታችኛው ክፍል ላይ አግድም መቅደድን አስፋፋ። ዛሬ እዚህም ሆነ አዲስ አበባ አብዛኛው ኦፕራሲዮን የሚሠራው እንዲህ ነው። እንዲህ ዓይነት ጠባሳ ያላት ሴት ወደ ምጥ ብትገባ ማህፀኗ የመተርተር ዕድሉ ከ1,000 ከ5 እስከ 9 ነው። አንድ ነገር ግን ልብ በሉልኝ፤ ሆዳችሁ ላይ ያለው ጠባሳ አግድም መሆኑ ማህፀኑም አግድም ለመቀደዱ ማረጋገጫ አይሆንም። ከውጭ አይታወቅም። የሚታወቀው ከወረቀት ነው፤ ወደ ወረቀቱ በኋላ እመለሳለሁ።

ሁለተኛ፣ ቁጥሩን በሁለቱም በኩል እንመልከት። በ2004 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ትልቅ የአሜሪካ ጥናት በምጥ ለመውለድ የሞከሩ 17,898 ሴቶችን ተከታትሏል። ከ100ው 73ቱ በምጥ ወለዱ። 124ቱ ላይ ማህፀናቸው ተተረተረ። መተርተር ቀላል ነገር አይደለም፤ ሕፃኑን ሊጎዳ፣ ሊገድልም ይችላል፤ እናቲቱም ማህፀኗን ልታጣ ትችላለች። «ምንም አይልሽም» የሚላችሁን ሰው አትመኑት።

ነገር ግን ተደጋጋሚ ኦፕራሲዮንም የራሱ ዕዳ አለው፤ ያንን ማንም በሰዓቱ አይነግረንም። እንግዴ ልጁ በድሮው ጠባሳ ላይ ሥር ሰድዶ አልላቀቅ የሚልበት፣ ደም እንደ ጎርፍ የሚፈስበት ችግር አለ። ይህ ችግር በመጀመሪያው ኦፕራሲዮን ላይ ከ1,000 ሴቶች ሁለት ሦስቱን ነው የሚያገኘው፤ በአራተኛው ላይ ከ100 ሁለቱን፣ በስድስተኛውና ከዚያ በላይ ከ100 ወደ ሰባቱን። እንግዴ ልጁ የማህፀኑን አፍ ከዘጋ ደግሞ በሦስተኛው ኦፕራሲዮን ላይ ከ100 አርባው ይደርሳል። ለዚህ ነው «ስንት ልጅ ነው የምታስቡት?» ብዬ የምጠይቀው። ሁለት ወልዳ ለምታቆም ሴትና «እግዜር የሰጠኝን» ለምትል ሴት የዚህ ስሌት ትርጉም አንድ አይደለም። ከሐኪማችሁ ጋር ስትነጋገሩ ስለ ሁለተኛው ልጅ ብቻ አታውሩ፤ ስለ አራተኛውም አንሡ።

በዚሁ አጋጣሚ፣ በዲቪ ዘግየት ብላችሁ መጥታችሁ «ዕድሜዬ ሄደ፣ አከታትዬ ልጨርስ» ለምትሉ፤ በሁለቱ ወሊዶች መካከል ያለው ጊዜ ከ18 ወር ካነሰ የመተርተሩ አደጋ ከፍ ይላል። ማከታተሉ ሊያስፈልጋችሁ ይችላል፤ ግን ዋጋውን እያወቃችሁ ይሁን።

ሦስተኛው ነጥቤ የዛሬው ዋና ነገር ነው፤ ሐኪም «አይሆንም» ሲል ምክንያቱ ሁልጊዜ ያንቺ ማህፀን አይደለም።

በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ አሜሪካ ከኦፕራሲዮን በኋላ በምጥ መውለድን እያበረታታች ሄደች። በ1996 እ.ኤ.አ. በኦፕራሲዮን ከወለዱት ሴቶች ከ100ው 28ቱ የሚቀጥለውን በምጥ ይወልዱ ነበር። ወጪ ለመቀነስ ብለው ሴቶችን ያለ ፍላጎታቸው የገፉ ኢንሹራንሶችም ነበሩ፤ ጉዳት ደረሰ፤ ክስ መጣ። በ1999 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ የማህፀንና ጽንስ ሐኪሞች ኮሌጅ መመሪያውን አጠበቀ፤ ምጡ ሲካሄድ ኦፕራሲዮን ማድረግ የሚችል ሐኪም ወዲያው የሚገኝ መሆን አለበት አለ። ትልቅ ሆስፒታል ይህን ይችላል። ሌሊት ሰመመን ሰጪው ከቤቱ የሚጠራበት ትንሽ ሆስፒታል ግን አይችልም፤ ስለዚህ ብዙዎቹ በሩን ዘጉት። በአሥር ዓመት ውስጥ 28 የነበረው ከ10 በታች ወረደ። የሴቶቹ ማህፀን በአሥር ዓመት ውስጥ አልተለወጠም። የተለወጠው የሆስፒታሉ የተረኛ ሰሌዳና የጠበቃው ምክር ነው።

በመጋቢት 2010 እ.ኤ.አ. ከዚህ አዳራሽ በመኪና ብዙም በማይርቀው በቤተስዳ፣ የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት ጉዳዩን ለመመርመር ትልቅ ስብሰባ ጠሩ። ምጥን መሞከር ለብዙዎቹ ሴቶች ተገቢ ምርጫ ነው አሉ፤ «ወዲያው መገኘት» የሚለው ግዴታ እንደገና እንዲታይም ጠየቁ። በዚያው ዓመት ኮሌጁ መመሪያውን አላላ፤ ሁለት ኦፕራሲዮን ያላትም ሴት ልትሞክር እንደምትችል ጻፈ። እንዲያም ሆኖ ዛሬ ያለነው ከ100 ወደ 14 ገደማ ላይ ነው። መመሪያው ተለወጠ፤ የክሊኒኩ ልማድ ግን ከወረቀት ይልቅ ቀርፋፋ ነው።

እንግዲህ ሐኪምሽ «አይሆንም» ካለሽ ጥያቄሽ ይህ ይሁን፤ «የማይሆነው በእኔ ጤንነት ምክንያት ነው ወይስ በዚህ ሆስፒታል አሠራር ምክንያት?» ጨዋነት የጎደለው ጥያቄ አይደለም። መልሱ ሁለተኛው ከሆነ ችግርሽ የአድራሻ ችግር ነው፤ ሌላ ሆስፒታል ይፈታዋል።

አሁን ወደ አራተኛው ልግባ፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። አብሮ የሚቆመውን ሐኪም እሺ ብቻ ከሚለው እንዴት እንለየዋለን?

እኛ ሰዎች ያገለገለች ካምሪ ለመግዛት መካኒክ ይዘን እንሄዳለን፤ ከሥር ተኝተን እናያለን፤ ሦስት ሰው እናማክራለን። ሐኪም ፊት ግን አንገታችንን እንደፋለን። «እሳቸው ያውቃሉ» እንላለን። አስተዳደጋችን ነው፤ አላፍርበትም። ግን እዚህ አገር ዝም ያለች ሴት እንደተስማማች ነው የምትቆጠረው።

የመጀመሪያው ጥያቄ፤ «ክትትል የምታደርጉላቸው፣ ቀድመው በኦፕራሲዮን የወለዱ ሴቶች ስንቶቹ በምጥ ይሞክራሉ? ስንቶቹስ ይሳካላቸዋል?» ይህን ሥራ የሚሠራ ሰው ቁጥሩን ያውቀዋል፤ ባያውቀውም አጣርቶ ይነግርሻል። «እናያለን፣ ገና ነው» ካለሽ ደብተርሽ ላይ ጻፊው።

ሁለተኛ፤ «ምጤ ቅዳሜ ሌሊት ቢመጣ የሚያዋልደኝ ማን ነው?» እዚህ ዘጠኝ ወር የተከታተለሽ ሐኪም በምጥሽ ቀን ላይኖር ይችላል። በአንድ ክሊኒክ ስድስት ሐኪሞች ካሉ ተረኛው አንዱ ነው። ያንቺዋ ብትደግፍሽና አራቱ ባይደግፉሽ ዕድልሽን በሎተሪ ነው የያዝሽው። ስለዚህ «ተረኞቹ ሁሉ ይስማማሉ?» ብለሽ ጠይቂ፤ በፋይልሽ ላይ እንዲጻፍም ለምኚ።

ሦስተኛ፤ «40 ሳምንት ቢያልፈኝስ?» አራተኛ፤ «አልትራሳውንዱ ልጁ ትልቅ ነው ቢልስ?» እነዚህን ሁለቱን አብሬ ያነሣኋቸው በ37ኛውና በ38ኛው ሳምንት ላይ ሐሳብ የሚለወጥባቸው በሮች ስለሆኑ ነው። ሙሉ እርግዝናውን «እንሞክራለን» ሲል የኖረ ሐኪም በመጨረሻው ወር «ልጁ ገዘፈ፣ ሐሙስ እንቅደደው» ይላል። የኮሌጁ መመሪያ ግን 40 ሳምንት ማለፍም ሆነ የልጁ ግዝፈት ግምት ብቻውን ምጥን ለመከልከል በቂ አይደለም ይላል። አልትራሳውንድ በመጨረሻው ወር ክብደትን ሲገምት እንደሚስትም ከእኔ በላይ የወለዳችሁ ታውቁታላችሁ፤ «አራት ኪሎ ተኩል» ተብላችሁ ሦስት ኪሎ ተኩል ያቀፋችሁ አላችሁ። አያችሁ፣ እየሳቃችሁ ነው።

አምስተኛ፤ «ምጡን ማስጀመር ቢያስፈልግ በምን ታስጀምሩታላችሁ?» እዚህ ላይ መልሱ ጥንቃቄ ያለበት ቢሆን ደስ ይበላችሁ። ሚሶፕሮስቶል የሚባለው መድኃኒት ጠባሳ ላለው ማህፀን ምጥ ለማስጀመር መሰጠት የለበትም። በፊኛ የማህፀንን አፍ ማላላትና የኦክሲቶሲን ጠብታ በጥንቃቄ ይሠራባቸዋል፤ ሆኖም በመድኃኒት የተጀመረ ምጥ ራሱ ከመጣው ይልቅ የመተርተር አደጋው ከፍ ያለ ነው። ይህን የሚነግርሽ ሰው እየደገፈሽ ነው፤ አያስፈራራሽም።

መልሶቹን ስታዳምጪ «ግን» የምትለዋን ቁጠሪ። «እንሞክራለን፤ ግን እስከ 39 ሳምንት። ግን ልጁ ከዚህ ካልበለጠ። ግን ምጡ ራሱ ከመጣ። ግን በዚህ ሰዓት ውስጥ ከተከፈትሽ።» እያንዳንዱ ለብቻው ምክንያት ሊኖረው ይችላል። አራቱ ሲደመሩ ግን የሚያልፍ ሰው የለም።

ስለ አንድ ስሌት ላንሣላችሁ፤ ይህ ጥቁር ሴቶች ለሆንነው በቀጥታ ይመለከተናል። ከ2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሐኪሞች «በምጥ የመውለድ ዕድልሽ ከመቶ ይህን ያህል ነው» የሚል ማስሊያ ይጠቀሙ ነበር። ዕድሜ፣ ክብደት፣ ቁመት፣ ያለፈ ወሊድ ይጠየቃል፤ ዘርም ይጠየቅ ነበር። በሌላው ሁሉ እኩል የሆኑ ሁለት ሴቶች ሲገቡ ጥቁሯ ዝቅ ያለ ቁጥር ይዛ ትወጣለች። ላቲና ብትሆንም እንዲሁ። ማስሊያው በሰውነቷ ያገኘው ጉድለት የለም፤ በፊት ጥቁር ሴቶች እንዴት እንደተስተናገዱ የሚያሳየውን መዝገብ ቆጥሮ እንደ ተፈጥሮ አቀረበው። ነገሩ ተተቸ፤ በ2021 እ.ኤ.አ. ዘር ወጥቶ፣ በምትኩ በመድኃኒት የሚታከም የቆየ የደም ግፊት ገባ። ዛሬ ቁጥር ከተነገረሽ «ይህ አዲሱ ነው?» ብለሽ ጠይቂ። ቁጥሩ ዝቅ ቢልም መመካከሪያ ነው፤ በር መዝጊያ እንዲሆን አልተሠራም።

አሁን ወደ ወረቀቱ። የመጀመሪያውን ልጅ አገር ቤት ወልዳችሁ የመጣችሁ ብዙ ናችሁ። በ2016 እ.ኤ.አ. በተደረገው የሕዝብና ጤና ጥናት በኢትዮጵያ በኦፕራሲዮን የተወለደው ከ100 ሁለቱ ገደማ ነበር፤ በአዲስ አበባ ግን ከ20 በላይ። ብዙዎቻችሁ የመጣችሁት ከዚያችው ከተማ ነው። ያስፈልጋችኋል የምለው የመውጫ ወረቀቱን አይደለም፤ ሐኪሙ ኦፕራሲዮኑን ከጨረሰ በኋላ የጻፈውን ማስታወሻ ነው። ማህፀኑ በየት በኩል እንደተቀደደ የሚገኘው እዚያ ነው። ስለዚህ እህታችሁን ወይም ያክስታችሁን ልጅ ወደ ሆስፒታሉ ካርድ ክፍል ስትልኩ «ካርዷን ፈልጉልኝ» ብቻ እንዳይሉ፤ «የኦፕራሲዮኑን ማስታወሻ ፎቶ ላንሣ» ይበሉ። የውክልና ደብዳቤ ቢይዙ ደግሞ መመላለስ ይቀንሳል። ኦፕራሲዮኑ የተደረገበት ምክንያትም ይፈለጋል። ልጁ በቂጡ ስለመጣ የተቀደደች ሴት፣ ምጥ ስለቆመባት ከተቀደደችው ይልቅ አሁን በምጥ የመውለድ ዕድሏ ሰፊ ነው።

ወረቀቱ ጠፍቶ ቢቀርስ? ተስፋ አትቁረጡ። የጠባሳው ዓይነት አለመታወቁ ብቻውን አይከለክልም፤ ከላይ ወደ ታች ሳይቀደድ አይቀርም የሚያሰኝ ምልክት ከሌለ። ልጁ ጊዜው ሳይደርስ፣ በስድስት ወር ከተወለደ ለምሳሌ እንደዚያ ሊጠረጠር ይችላል። እዚሁ አሜሪካ ለወለዳችሁ ግን ነገሩ ቀላል ነው፤ መዝገቡን የማግኘት መብት በሕግ አላችሁ።

ሚስቶቻችሁን አጅባችሁ የመጣችሁ ወንድሞቼ፣ አሁን ደግሞ ወደ እናንተ ልዙር። አንድ ቀን በሥራ ላይ እያለሁ ያየሁት ነው። ሐኪሟ በእንግሊዝኛ «ሁለቱም መንገድ ይቻላል፤ ምርጫው ያንቺ ነው» አለቻት። ባልየው ወደ ሚስቱ ዞሮ «ኦፕራሲዮኑ ይሻላል ብላለች» አላት። ክፉ ሰው አልነበረም። ፈርቶ ነው፤ የራሱን ፍርሃት በሐኪሟ አፍ አስገባው። አማርኛ የማውቅ ሰው ክፍሉ ውስጥ ባልኖር ማን ያውቅ ነበር? ስለዚህ አስተርጓሚ ጠይቁ። የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል ሁሉ ያለ ክፍያ አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታ አለበት፤ ከ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ ጀምሮ የነበረ ነው። በዲሲ ከተማ ደግሞ በ2004 እ.ኤ.አ. የወጣው የቋንቋ ሕግ ከሚያገለግላቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛችን ነው። ባል እጇን ይያዝ፤ ማስተርጎሙን ለሌላ ይተው። የአሥር ዓመት ልጅማ በፍጹም አይሆንም፤ ስለ እናቱ ማህፀን የሚያስተረጉም ልጅ አይቼ አዝኛለሁ።

ሌላው ደጋፊ ዱላ የሚባሉት ናቸው፤ ስሙ አያስደንግጣችሁ፣ የሚማታ የለም። ከምጡ መጀመሪያ እስከ መጨረሻ ከወላዷ የማይለዩ፣ ወገቧን የሚያሹ፣ ጥያቄዋን የሚያስታውሷት ናቸው። እናቶቻችን ጎረቤት ተሰብስቦ «ማርያም ማርያም» እያለ ሲያምጡ የነበራቸው፣ እዚህ በባዕድ አገር ግን ያጣነው ማለት ነው። በ2017 እ.ኤ.አ. የወጣ፣ ከ15,000 በላይ ሴቶችን ያካተተ የጥናቶች ግምገማ እንዲህ ያለ ያልተቋረጠ ድጋፍ የሚያገኙ ሴቶች በኦፕራሲዮን የመውለድ ዕድላቸው እንደሚቀንስ አሳይቷል። ከ2022 እ.ኤ.አ. ወዲህ የሜሪላንድም፣ የቨርጂኒያም፣ የዲሲም ሜዲኬይድ ክፍያቸውን ይሸፍናል። ብዙዎቻችን ይህን አናውቅም፤ ሳንጠቀምበት እየቀረ ነው።

«አይሆንም» ልክ የሚሆንበትንም ልናገር፤ ካልተናገርኩ አታምኑኝም። ማህፀኗ ከላይ ወደ ታች የተቀደደ፣ ከዚህ በፊት የተተረተረባት፣ እንግዴ ልጁ የማህፀኑን አፍ የዘጋባት ሴት በምጥ አትሞክር። እነዚህ ከሌሉም ቦታው ሆስፒታል ይሁን፤ ቤት ውስጥ እንውለድ የምትሉ አላችሁና በዚህ ነገር አልስማማችሁም። የመተርተር የመጀመሪያ ምልክት ብዙውን ጊዜ የልጁ የልብ ምት መዛባት ነው፤ ስለዚህም በምጥ ጊዜ ያለማቋረጥ ይታያል። ምልክቱ ሲመጣ ወደ ኦፕራሲዮን ክፍል የሚወስደው መንገድ ኮሪደር እንጂ ቤልትዌይ መሆን የለበትም። ሙከራው ሳይሳካ በኦፕራሲዮን ካበቃም፣ አብሯት የቆመ ሰው ያን ጊዜም አብሯት ይቆማል፤ ባሏ ከጎኗ ይገባል፣ ልጇ ወዲያው ደረቷ ላይ ይደረግላታል። ይህንንም አስቀድማችሁ ጠይቁ።

የመጨረሻው ነጥቤ ስለ ጊዜ ነው። ይህን ሁሉ በ36ኛው ሳምንት አትጀምሩት። ብዙ ክሊኒኮች ከተወሰነ ሳምንት በኋላ አዲስ ነፍሰ ጡር አይቀበሉም። ጥያቄዎቹን በመጀመሪያው ቀጠሮ፣ ከተቻለም ከማርገዛችሁ በፊት አንሡ። ሐኪም መቀየር ውርደት አይደለም፤ አልፎም ፋይላችሁን ወደ አዲሱ እንዲልኩ ማዘዝ ትችላላችሁ። እኛ ግን በሦስት አስተዳደር ተከፋፍለን እንኖራለን፤ አሌክሳንድሪያ የምትኖር የቨርጂኒያ ሜዲኬይድ ያላት እህት፣ ጓደኛዋ ያመሰገነቻት የሜሪላንድ ሐኪም ጋ ተሻግራ መሄድ እንደማትችል ብዙ ጊዜ የምታውቀው ዘግይቶ ነው። መጀመሪያ ካርዳችሁ የት የት እንደሚሠራ ደውላችሁ አረጋግጡ፤ ከዚያ ሐኪም ፈልጉ። በሜዲኬይድ ሥር አዲስ የኢንሹራንስ ድርጅት ከተመደበላችሁ ደግሞ በመጀመሪያዎቹ 90 ቀናት ምክንያት ሳትጠየቁ ወደ ሌላ መቀየር ትችላላችሁ።

ጥያቄዎቹን በአማርኛና በእንግሊዝኛ አዘጋጅቼ በር አጠገብ ያለው ጠረጴዛ ላይ አስቀምጫለሁ፤ ለእህትም ለጎረቤትም የሚሆን ደርባችሁ ውሰዱ። አሁን ጊዜው የእናንተ ነው፤ ከኋላ ረድፍ እጅዎን ያነሡት እናት፣ እርስዎ ይጀምሩልን።